የሐር ክርና የአጥር ሽቦ

ፊት ለፊት «እማማ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ደግሞ «ቋጠሮ»። ስሙን ያወጣላት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ነው። በየሉሉ መሀል ስለምትቋጥረው ክር ይሁን ዓመት ሙሉ ስለማይፈታው ግንባሯ፣ እሱ ራሱም ለይቶ አልተናገረም። እሷ እንደሆነ ስሙን ሰምታዋለች፤ እንዲያውም ደስ ይላታል። ሰው ከሚወድሽ ቢፈራሽ ይሻላል ባይ ናት።

ሥራዋ ዶቃ መሰካት ነው። ሰው የተበጠሰ ሀብሉን፣ የእናቱን ጨሌ፣ ሣጥን ውስጥ የከረመ ሉሉን በመሀረብ ጠቅልሎ ያመጣል፤ እሷ አጥባ፣ ለይታ፣ በሚገባው ክር ሰክታ ትመልሳለች። ይቺ «በሚገባው ክር» የምትለዋ ናት ዋናዋ ነገር። ሌላው ሁሉ የጣት ጉዳይ ነው። ያገኘውን ክር ስቦ ዶቃ የሚሰካ ሰው እሷ ዘንድ ሰው አይባልም። ሉል ሐር ይፈልጋል። ሐር ለስላሳ ስለሆነ አንገት ላይ ተኝቶ ይውላል፤ በየመሀሉ ሲቋጠር ደግሞ ሉል ከሉል አይፋተግም። ቢበጠስ እንኳ የምትወድቀው አንዷ ብቻ ናት፤ ሌላው ተበትኖ ሰውን በየአልጋው ሥር አያስድኸውም። ለልጅ አምባር ላስቲክ ይበቃል። ለመስታወት ጨሌ ሰም የታሸ ክር ይሆናል። «ዶቃው ክሩን ይመርጣል እንጂ ክሩ ዶቃውን አይመርጥም» ትላለች። አባባሉ የራሷ አይደለም፤ ከማን እንደወሰደችው እነግራችኋለሁ፤ አትቸኩሉ።

ሱቁ የቤቱ የፊት ክፍል ነው። ከመጥበቡ የተነሳ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ሆዱን መሳብ አለበት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የክር መደርደሪያ፣ ደንበኛ አንገቱን የሚያይበት አንድ መስታወት፣ አንድ መስኮት፤ አለቀ። መስኮቱ ሥር መደገፊያ ያለው ወንበር አለ፤ ብርሃኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው የቤቱ ጌታ ነው። ደንበኛ የሚያናግረው እሱን ነው፣ ሉል የሚረከበው እሱ ነው፣ ክር የሚመርጠውም እሱ ነው። ከወንበሩ የተነሳ ሰው ደግሞ መሄጃው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የጓሮዋ ክፍል። አልጋ፣ መጋረጃ፣ ምግብ ሲደርስ «ኑ ይብሉ» ተብሎ መጠራት፤ ሌላ ምንም የለም። ቋጠሮ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ምክንያቱም የገዛ አማቷን ከዚያ ወንበር ያስነሳቻት እሷ ናት።

ያኔ ወጣት ምራት ነበረች፤ ምላሷ ጸጉር ይላጫል። የአማቷ ዓይን መድከም ሲጀምር አሮጊቷ ደበቀችው፤ ቋጠሮ ግን ነቃችባት። ነቅታም ትንፍሽ አላለችም። አድፍጣ ጠበቀች። አንድ ቀን ሱቁ በደንበኛ ጢም ብሎ ሳለ አሮጊቷ ቀይ ዶቃዎች መሀል ጥቁር ሰክታ ኖሮ፣ ቋጠሮ ሀብሉን ከእጇ ተቀበለችና ከፍ አድርጋ ለሰው ሁሉ አሳየችው። «እማማ፣ ይሄም ቀይ ነው?» አለች። ሳቁ ሳያባራ ወንበሩ ባዶ ሆነ። «ዶቃው ክሩን ይመርጣል» ማለት የዚያች ሴት ቃል ነው። ከሁሉም በላይ የምትሳሳለትን፣ የሀብሉ መቆለፊያ ሥር የሚያርፈውን የመጨረሻውን ቋጠሮ ግን ለምራቷ በፈቃዷ አላስተማረቻትም። ምራቲቱ ቋጠሮ ከኋላ ሆና በመስታወቱ ሰርቃ ነው ያየችው። አሮጊቷ ጓሮ ክፍል ከገባች በኋላ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ በጣቶቿ ባዶ አየር ስትቋጥር፣ ስትፈታ፣ እንደገና ስትቋጥር ኖራ ሞተች። ቋጠሮ ምግብ ባስገባች ቁጥር እነዚያን ጣቶች ታያቸው ነበር። አይታም በሩን ዘግታ ትወጣ ነበር።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባል የለ? የቋጠሮም ልጅ አደገና ሚስት አገባ።

ምራቲቱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከአፏ ቃል በመከራ የሚወጣ ሴት ናት። ጠረጴዛው ዳር በርጩማ ተሰጣት፤ ዶቃ ትለይ፣ ሉል ታጥብ ተባለች። ጥቂት ወራት እንዲህ ስታደርግ ቆየችና በትሕትና ቋጠሮውን ያስተምሩኝ አለች። ቋጠሮ «ትደርሺበታለሽ» አለቻት። እንደገና ጠየቀች፤ ያንኑ መልስ አገኘች። ቋጠሮ ይባስ ብላ የመጨረሻው ቋጠሮ ላይ ስትደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞር አመጣች። ከመዞሯ በፊት መስታወቱን በጨርቅ ትሸፍነዋለች። የሌባን ነገር ሌባ ያውቃል እንግዲህ።

ምራቲቱም ጥርሷን ነክሳ ከረመችና አንድ ቀን ከገበያ ጥቅል ሽቦ ይዛ ከች አለች። ሽቦው ቀጭን ነው፤ እንደ ጸጉር የሰለለ ብረት ተገምዶ ላዩን ፕላስቲክ ለብሷል። ጫፉ ራሱ ግትር ስለሆነ መርፌ አያስፈልገውም። ቋጠሮም አያስፈልገውም፤ ጫፉ ላይ ትንሽዬ የብረት ቀለበት ይገባና በፒንሳ ጭፍልቅ ይደረጋል፤ ያ ነው። ቋጠሮ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችውና «ምነው፣ አጥር ልናጥር ነው?» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ የአጥር ሽቦ ሆኖ ቀረ።

ቤቱ የእሳትና የጭድ ቤት ሆነ። አንዷ መቀስ ስትፈልግ ሌላዋ ትቀመጥበታለች። አንዷ መስኮቱን ስትከፍት ሌላዋ ብርድ ይመታታል። አንድ ጊዜ ሻካራ የድንጋይ ዶቃ መጣ፤ ከባድ ነው፣ የቀዳዳው አፍ እንደ መጋዝ ያገጠጠ። ምራቲቱ ይሄ ሽቦ ነው የሚፈልገው አለች። ትክክል ነበረች። ቋጠሮም ትክክል መሆኗን ልቧ ያውቀዋል፤ ግን ምራት ክር ልትመርጥ? እልህ ያዛትና በሐር ሰካችው። ሳይውል ሳያድር ባለቤቱ ድንጋዩን በእፍኙ ይዞ ተመለሰ። ምራቲቱ የተበጠሰውን ጫፍ አየችና ድንጋዩ ነው የበላው አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ በሽቦዋ ሰክታ መለሰችለት። ቋጠሮ ግን ክሬን በምላጭ የነካብኝ አለ ብላ ለልብስ ሰፊውም፣ ለጫማ ጠጋኙም፣ መንገድ ለሚያልፈውም አወራች።

ልጇ ሹፌር ነው። ሳምንቱን መንገድ ላይ ውሎ ቅዳሜ ሲገባ ሁለቱም ክሳቸውን አዘጋጅተው ይጠብቁታል። እሱ ደግሞ መሪ ጨብጦ እንጂ ዳኛ ሆኖ አያውቅም፤ የአንዷን ሲሰማ የሌላዋ ይጠፋበታል። አንድ ቅዳሜ ሰለቸውና «እማዬ፣ አንቺም እኮ ደክመሻል። ለምን አርፈሽ አትቀመጪም?» አለ። የፍቅር ንግግር ነበር፤ ሌላ ነገር አላሰበም። ቋጠሮ ግን ክው አለች። አርፈሽ ተቀመጪ ማለት የጓሮ ክፍል ማለት ነው። ያን ዕለት እራት አልበላችም።

ይባስ ብሎ እውነትም ደክማ ነበር። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ሰው ሲገባ ሲወጣ ታያለች፣ ብርሃንና ጥላ ትለያለች፤ ቀለም ግን ከዓይኗ ከወጣ ቆይቷል። ሁሉም ነገር ድስት የታጠበበት ውኃ መስሎ ነው የሚታያት። ሞራ ይገፈፋል ሲሉ ሰምታለች፤ ግን ሐኪም ቤት ለመሄድ ለልጇ መንገር አለባት፤ ለልጇ የተነገረ ለምራቷ ተነገረ፤ ሐኪም ቤት ተኝታ ስትመለስ ደግሞ ወንበሩ ላይ ማን ተቀምጦ እንደምታገኝ አይጠፋትም። ስለዚህ ዝም አለች። የሉሉን ቀዳዳ በጥፍሯ ትዳስሳለች። የክሩን ጫፍ ሙጫ አስነክታ ታደርቀዋለች፤ እንደ መርፌ ይሆንላታል። ቋጠሮውን እንደሆነ ጣቷ ያውቀዋል፤ ዓይን ጠይቆ አያውቅም። ክሩን ደግሞ በቦታው ነው የምታውቀው። መደርደሪያው ላይኛው ረድፍ፣ ከግራ መጀመሪያ ነጭ ሐር፣ ቀጥሎ ወተትማ፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ መጨረሻ ጥቁር። እጇ ሳትሳሳት ትሄዳለች። ሐርን ከናይለን፣ ናይለንን ከሰም ክር በመዳሰስ ትለያለች፤ ነጭን ከቡናማ ግን በመዳሰስ የሚለይ ጣት እስካሁን አልተፈጠረም።

እንዲህ ስትኖር፣ አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የእናቷን ሉል አመጣች። የልጇ ሰርግ ደርሷል፤ አንገቷ ላይ አድርጋው ልትውል ነው። ሴትዮዋ ተማሪ ስታሰልፍ የኖረች ስለሆነች «ደህና ዋሉ» ስትል እንኳ ቁጣ ይመስላል። ምራቲቱ ሽቦዋን ልታነሳ እንደሆነ ቋጠሮ ጠበቀች፤ አላነሳችም። ሉል ሐር እንደሚፈልግ ልጅቷም ታውቃለች። ቋጠሮ ሉሉን ተቀበለች፣ እጇን ሰደደች፣ ከግራ የመጀመሪያውን ጥቅል አወረደች፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስትቋጥር ዋለች። ካበቃች በኋላ በጣቷ ዳሰሰችው፤ አንድ እንኳ የላላ የለም። ከስንት ጊዜ በኋላ ልቧ ሞቅ አለ። ይቺ ረጅም ትሙት እንጂ እኔ ገና አለሁ አለች በሆዷ።

ዳይሬክተሯ በሰርጉ ዋዜማ ጠዋት መጣች። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ ልብስ ሰፊውም እንደ ልማዱ በሩ ላይ ተደግፎ ወሬ ይለቅማል። ሴትዮዋ የሀብሉን ሣጥን ከፈተች። ጎንበስ ብላ ውስጡን አየች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ቋጠሮ አልገባትም። ሉሉ ነዋ አለች።

«ሉሉንማ ሰጥቼዎት ነው! መሀሉ ያለው ምንድን ነው? ዝንብ ነው እንዴ የተጸዳዳበት? በነጭ ሉል ቡናማ ክር?»

ቡናማ። ቃሉ ሲገባት የቋጠሮ እጅ በድንጋጤ ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ ከግራ መጀመሪያ፣ ሁልጊዜ ነጩ የሚቀመጥበት ቦታ። የቀየረው አለ። የቀየረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ጠንቋይ አያስፈልግም፤ እዚህ ቤት ክር የሚነኩት ሁለት ናቸው፣ አንዷ ራሷ ናት። ግን ምን ትበል? ክሮቹን ቀይራብኝ ነው ካለች፣ ታዲያ ቀለሙ አይታይዎትም ወይ የሚል ጥያቄ ይከተላል። ወጥመዱ ከሁለቱም በኩል የተዘጋ ነው። እሷ ራሷ እንኳ በወጣትነቷ እንዲህ የተካነ ወጥመድ አልሠራችም።

ከበርጩማው መነሳት ሰማች። ረጅሟ ጥላ በአጠገቧ አለፈች፤ ሀብሉን ከሣጥኑ አወጣች፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። ሰው ሁሉ እያየ ነው። ቋጠሮ ያን እጅ ታውቀዋለች። ያ እጅ የራሷ ነበር። የሚቀጥለውን ቃል እንኳ ታውቀዋለች፤ «እማማ፣ ይሄ ነጭ ነው?» ነው የሚለው። የወንበሩን መደገፊያ አጥብቃ ያዘች፤ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚይዙት ነገር።

ምራቲቱ ሀብሉን ዝቅ አደረገችና «ክሩን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ የወረደባትን ስድብ ልቁጠርላችሁ ብል ይመሻል፣ ይነጋል። ዳይሬክተሯ ዓይን የለሽም ወይ አለቻት፣ እንዳንቺ ያለውን ማን እቃ አስነክቶ አለቻት፣ በዚህ ዓይንሽ ዶቃ ከምትነኪ ድንጋይ ብትለቅሚ ይሻላል አለቻት። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ሆኖ ኪኪ አለ። ምራቲቱ አንገቷን አልደፋችም። ሲያልቅ ብቻ፣ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት በነጭ ሐር ተሠርቶ ይጠብቅዎታል አለች። ሴትዮዋ በሩን በርግዳ ወጣች። ደንበኞቹም ሌላ ቀን እንመጣለን ብለው ተከትለዋት ሄዱ። ምራቲቱ ልብስ ሰፊው አፍንጫ ላይ በሩን ዘጋችው።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ታለቅስ፣ ታመሰግን ይሆናል። ቋጠሮ ግን ደም ሥሯ ተገታተረ። በጠላት እጅ ከመውደቅ በጠላት መዳን ይብሳል።

«ማን ለመነሽ?» አለች።

«ማንም።»

«ክሮቹን አውቀሽ ነው የቀያየርሽው።»

«አውቄ ነው» አለች ምራቲቱ። ድምፅዋ ከወትሮው አልወጣም፣ አልወረደም። «እንደማያዩ ከነቃሁ ቆየሁ። በሰው ፊት ላስነሳዎት ነበር ያሰብኩት። ሀብሉን ይዤ አፌን ልከፍት ስል ወንበሩን አየሁት።»

«ወንበሩ ምን ሆነ?»

«ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎት። ነገ እሱ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ከዚያ ደግሞ ማን እንደሚያስነሳኝ ማን ያውቃል።»

  የሟች አማቷ ጣቶች ቋጠሮ ፊት ድቅን አሉ፤ አየር ሲቋጥሩ፣ ሲፈቱ። ያን ጊዜ ቆማ ወንበሩን ማየት የምትችል ነበረች እኮ፤ ዓይኗ ያኔ ደህና ነበር። ወንበሩን አላየችም። ያየችው የሰውን ሳቅ ነው። ልቧ ታመመ፤ ሕመሙን ግን ለዚች ረጅም ልታሳያት? ሞቷ ነው።

መቀሱን አነሳች። ቡናማውን ክር ከመቆለፊያው ሥር ቆረጠችና ሉሉን አንድ በአንድ እየፈታች ጨርቁ ላይ አፈሰሰችው። ምራቲቱ ከበርጩማዋ ሆና ትመለከታታለች፤ አልረዳቻትም። የሁለት ቀን ሥራ ነው ከፊታቸው የፈረሰው፤ ያላቸው ደግሞ ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም። ቋጠሮ ሙጫውን ወደ ራሷ ሳበች። እጇን ወደ መደርደሪያው ላከች። እጇ ከጥቅሎቹ አጠገብ ደረሰና ቆመ። አንዱን ዳሰሰች፣ ተወችው። ቀጥሎ ያለውን ዳሰሰች፣ እሱንም ተወችው። ሁሉም ሐር ነው፣ ሁሉም ለስላሳ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው። በየትኛውም ጣት የማይገኘውን ነገር ለመጠየቅ የቀረው አፍ ብቻ ነው፤ አፏ ደግሞ ይህን ቃል ከማውጣት ጥርሱ ቢወልቅ ይመርጣል። ውጭ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ማንቀሳቀስ ጀመረ።

«ነጩ የቱ ነው?» አለች።

ምራቲቱ ተነሳች። ከቀኝ በኩል አንድ ጥቅል አውርዳ መዳፏ ላይ አኖረችላት። «ይኸው» አላለች፣ «እሺ እማማ» አላለች፤ ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

ቋጠሮ ሠራች። እንደዚያ ቀን ፈጥና አታውቅም። ሉል ታስገባለች፣ ታዞራለች፣ በወስፌ ጫፍ ቋጠሮውን ሉሉ አንገት ድረስ ትገፋለች፣ ታጠብቃለች፤ እንደገና ሉል። ምራቲቱ በትልቅነታቸው እየደረደረች ታቀብላታለች፤ መዳፍ ከመዳፍ ሲነካካ ሁለቱም እሳት እንደነካው ሰው ይሸሻሉ። ፀሐይ ከመስኮቱ ዞር ማለት ስትጀምር መጨረሻው ሉል ገባ። የቀረው መቆለፊያው ሥር የሚያርፈው ቋጠሮ ነው።

ቋጠሮ እንደ ልማዷ ጨርቅ አንስታ መስታወቱን ሸፈነች። እንደ ልማዷ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ክሩን በሁለት እጇ ያዘች። ምራቲቱ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ትጠብቃለች፤ መጠበቁን ለምዳዋለች።

ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ። ቋጠሮ ከነወንበሯ ወደ ጠረጴዛው ዞራለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሞራው ይሁን ሌላ ነገር፣ እሷን ጠይቆ የሚተርፍ የለም።

«ነይ ወዲህ» አለች፤ ድምፅዋ የስድብ ድምፅ ነው። «አንድ ጊዜ ነው የማሳይሽ። ጣቴን እዪ፤ ፊቴን ምን ታይዋለሽ?»

ምራቲቱ በርጩማዋን ስባ ቀረበች።